ጉልቻ ቢለዋወጥ፦ የከሰል ማንደጃ በድንበሮቻችን ያደረገው ጉዞ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ተረቱ ሲነገር የምንሰማው ስለ ሹም ሽር ወይም ስለ ትዳር እንጂ ስለ ምድጃ አይደለም። እኛ ግን ማንደጃና ከሰል፣ ድስትና ሳፋ ይዘን በሞያሌ በኩል ወዲህና ወዲያ የምንል ነጋዴዎች ስለሆንን ተረቱን እንደ ቃሉ ብንወስደው አይፈረድብንም። ወጡ በእርግጥ ላይጣፍጥ ይችላል። ጉልቻው ሲለወጥ ግን በወር የሚገዛው ከሰል ይቀንሳል ወይም ይጨምራል፤ ሥጋው ያርራል ወይም ይበስላል፤ ከከሰሉ ጀርባ ያለው ግራርም ይቆማል ወይም ይወድቃል።

በዓል ሲቃረብ ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ አለ፤ «ለቤት ጥብስ የትኛው ይሻለኛል?» ከፊቱ አራት ዓይነት ዕቃ ተደርድሯል። አንደኛው ተራ የቆርቆሮ ማንደጃ ነው። ሁለተኛው ውስጡ ሸክላ የተለበጠ፣ ኬንያ ውስጥ «ጂኮ»፣ እኛ ዘንድ «ላቀች» የሚባለው ነው። ሦስተኛው በቁመቱ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ነው። አራተኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ ክዳን ያለው ክብ መጥበሻ ነው።

ለረጅም ጊዜ ስንመልስ የኖርነው በዋጋ ነበር፤ «ኪስዎ የፈቀደውን ይውሰዱ» እንል ነበር። መልሳችን ልክ እንዳልነበረ የገባን ዕቃ ሲመለስብን ነው። ጥሩ ጂኮ የገዛው ሰው ለሃያ እንግዳ ጎድን ሊጠብስበት ሞክሮ ተናዶ መጣ። በርሜል የገዛችው ሴት ደግሞ ሽሮ ልታሞቅበት ብላ ከሰሏን ጨረሰች። ዕቃዎቹ እንከን አልነበረባቸውም። እያንዳንዱ ለሌላ ችግር የተሠራ ነበር እንጂ።

ዛሬ የምንጽፈውም ስለዚሁ ነው። እያንዳንዱ ማንደጃ አንድ ቦታ፣ አንድ ዘመን ላይ የነበረ ሰው የገጠመውን ችግር ለመፍታት የሠራው ነው። ችግሩን ካወቅን ምርጫው ራሱ ይመጣል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሦስቱ ድንጋይ ወደ ከሰል

የሁላችንም መነሻ ሦስት ድንጋይ ነው። እኛ ጉልቻ እንላለን፤ ስዋሂሊ ተናጋሪው ማፊጋ ይላል። ለእንጨት እሳት ከጉልቻ የቀለለ ምድጃ የለም። ድንጋዩ በነጻ ይገኛል፣ እንጨቱ ከጎን እየተገፋ ይገባል፣ ድስቱ ትንሽም ይሁን ትልቅ ይቀመጥበታል።

ሥጋ ለመጥበስም ድንጋይ የቆየ መሣሪያ ነው። በምሥራቅ ሱዳን የቤጃ ሰዎች «ሰላት» የሚሉትን ጥብስ ዛሬም የሚሠሩት ከሰል ላይ ባጋሉት ድንጋይ ነው። ሥጋው ፍሙን ሳይነካ በድንጋዩ ትኩሳት ይበስላል። በመካከለኛው ሶማሊያ በኤል ቡር አካባቢ ደግሞ ሴፒዮላይት የሚባል ነጭና ቀላል ድንጋይ ይወጣል። በእጅ መሣሪያ ስለሚፈለፈል የአካባቢው ባለ እጆች «ዳብቃድ» የሚባለውን የዕጣን ማጤሻና «ቡርጂኮ» የሚባለውን የከሰል ማንደጃ ከዚሁ ድንጋይ ያወጣሉ። ይህ ድንጋይ ሙቀትን ወደ ውጭ በቀላሉ አያሳልፍም። እንግዲህ «ሙቀቱን እዚያው ውስጥ አቆየው» የሚለው ሐሳብ ከውጭ መሐንዲስ የተማርነው ብቻ አይደለም፤ በአካባቢያችን የነበረ ዕውቀት ነው።

ከእንጨት ወደ ከሰል የገፋን ከተማ ነው። ከሰል በኪሎ ሲመዘን ከእንጨት ሁለት እጥፍ ገደማ ሙቀት ይሰጣል። ጭሱም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ከሩቅ ተጭኖ ቢመጣም ያዋጣል። ለነጋዴ የተመቸ ዕቃ የሆነውም ለዚህ ነው። ግን ዕዳ አለበት። አፈር በለበሰ ክምር ሲከሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይፈጃል። ከተማ ሲያድግ ደን የሚሸሸው በዚህ ሒሳብ ነው። አዲስ አበባ በ1886 ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ ዙሪያዋ ያለው እንጨት አልቆ ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት በ1890ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው።

ከባቡሩ ጋር የመጣው ሲግሪ

አዲስ አበባ ባሕር ዛፍ ስትተክል በደቡብ በኩል ሌላ ከተማ እየተወለደ ነበር። እንግሊዞች በ1896 ከሞምባሳ የጀመሩት የባቡር ሐዲድ በ1899 ናይሮቢ ደረሰ፤ በዚያን ጊዜ ናይሮቢ የባቡር ሠራተኞች ሰፈር እንጂ ከተማ አልነበረችም። ሐዲዱ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ገባ። ለሥራው ከሕንድ የመጡት ሠራተኞች ከ30,000 በላይ ነበሩ። አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ቢመለሱም የቀሩት ሱቅ ከፈቱ፣ ቆርቆሮ ቀጠቀጡ፣ ብረት በየዱ።

በኬንያ የተለመደው የቆርቆሮ ማንደጃ ከእነዚህ ሰዎች ጋር እንደመጣ ይነገራል። ቃሉም ይመሰክራል። ሕንዶች የከሰል ማንደጃን «ሲግሪ» ይላሉ፤ ኡጋንዳ ውስጥ ዛሬም ማንደጃ «ሲጊሪ» ነው። «ጂኮ» ግን የስዋሂሊ የራሱ ቃል ነው፤ ምድጃም ማለት ነው፣ ማድ ቤትም ማለት ነው። ዕቃው ከባሕር ማዶ መጣ፣ ስሙን ከቤት አገኘ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከላይ ከሰል የሚይዝ ባለ ቀዳዳ ጎድጓዳ፣ ከታች አመድ የሚወርድበትና አየር የሚገባበት ባለ በር ሳጥን አለው። ብረቱም የተጣለ ብረት ነው። አራት ጋሎን የሚይዘው የላምባ ቆርቆሮ፣ ኬንያዎች «ደበ» የሚሉት፣ ባዶውን ሲቀር አንዱ ማንደጃ ይሆናል፣ ሌላው የከሰል መስፈሪያ ይሆናል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚቀጠቀጠውን ማንደጃና ናይሮቢ ካሙኩንጂ የሚቀጠቀጠውን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ወንድማማች ይመስላሉ። ናይሮቢዎች እንዲህ ዓይነቱን ባለ እጅ «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፤ «ኃይለኛ ፀሐይ» ማለት ነው፤ ያለ ጣራ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ስለሚሠራ።

የቆርቆሮው ማንደጃ ጉድለት ብረት መሆኑ ነው። ብረት ሙቀትን ወደ ጎን ያወጣል። ከከሰሉ ሙቀት ወደ ድስቱ የሚደርሰው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ከግማሽ የሚበልጠው ማንደጃውንና አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ያሞቃል። እሳት የነካው ቆርቆሮም ቶሎ ይበላል። በጎው ነገር ደግሞ ቶሎ መያዙ፣ ቀላል መሆኑና አፉ ክፍት መሆኑ ነው። ፍርግርግ ብረት ጣል ካደረጉበት ለሁለት ሦስት ሰው የሚሆን ዝልዝል በአጭር ጊዜ ያወጣል።

ከታይላንድ ባልዲ እስከ ሻውሪ ሞዮ

በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲንር ድሃ አገሮች ፊታቸውን ወደ ማገዶ አዞሩ። በነሐሴ 1981 የተባበሩት መንግሥታት ስለ አዲስና ታዳሽ የኃይል ምንጮች የጠራው ጉባኤ የተካሄደው ናይሮቢ ነበር። በዚያው ሰሞን የኬንያ ባለሙያዎች ታይላንድ ሄደው አንድ ዕቃ አዩ፤ በብረት ባልዲ ውስጥ የገባ የሸክላ ማንደጃ። ሸክላው ሙቀቱን ይይዛል፣ ባልዲው ሸክላውን ከመሰበር ይጠብቃል።

እንዳለ ግን አልወሰዱትም። ማክስዌል ኪንያንጁዊን የመሳሰሉ ነዳፊዎችና የናይሮቢ ባለ እጆች ለራሳቸው ማድ ቤት አስተካከሉት። የታይላንዱ ባልዲ ቁመቱን ሙሉ ሸክላ ነው፤ የኬንያው ጂኮ ግን ከወገቡ በላይ ብቻ ሸክላ ለበሰ፤ የታችኛው ክፍል የአመድና የአየር ቤት ስለሆነ ሸክላ አያስፈልገውም። ቀለለ፣ ረከሰም። ቅርጹን ወገቡ የጠበበ፣ ታቹ የሰፋ አደረጉት፤ ዑጋሊ የምታማስል ሴት ድስቱን በኃይል ስትገፋው እንዳይገለበጥባት ነው። ሸክላና ብረት ሲግሉ እኩል ስለማይለጠጡ ሸክላው እንዳይሰነጠቅ መካከላቸውን በልዩ ልስን ሞሉት።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። ወደ ድስቱ የሚደርሰው ሙቀት ከ25 እስከ 40 በመቶ ከፍ አለ። ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆን ከሰል ቀረ። በከተማ ለሚኖር፣ ከሰልን በደበ ለሚገዛ ቤተሰብ ይህ የቤት ኪራይን የሚያግዝ ገንዘብ ነው።

እኛን እንደ ነጋዴ ይበልጥ የሚገርመን ግን ንግዱ ነው። ጂኮውን የነደፉት ሰዎች የፈጠራ ባለቤትነት አላስመዘገቡበትም። ሸክላውን ሸክላ ሠሪዎች፣ ብረቱን ሻውሪ ሞዮ ያሉ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ይሠሩታል፤ ሌላው ገዝቶ ይገጣጥማል፤ ሌላው ደግሞ ያዞራል። ማንም መቅዳት ስለቻለ በመጀመሪያ 15 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው ዕቃ በውድድር ብዛት ጥቂት ዶላር ላይ ወረደ። በእርግጥ ከርካሹ ጋር ክፉውም መጣ፤ በደንብ ያልተቃጠለ ሸክላ፣ ስስ ቆርቆሮ፣ አፈር ብቻ የሆነ ልስን። ያም ሆኖ በ1990ዎቹ አጋማሽ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የኬንያ ቤቶች ጂኮውን ይዘው ነበር።

ከዚያም ድንበር ተሻገረ። በታንዛኒያ «ጂኮ ቦራ» ተባለ፤ ያማረ፣ የተሻለ ማንደጃ ማለት ነው። ሩዋንዳዎች የቁጠባ ማንደጃቸውን «ሮንዴሬዛ» አሉት፤ ቆጥብ ማለት ነው። እኛ ዘንድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የመንግሥት የኃይል መሥሪያ ቤት በከፈተው ፕሮጀክት ለኢትዮጵያ ማድ ቤት ተስተካክሎ ወጣና «ላቀች» የሚል ስም አገኘ። ስሞቹን ጎን ለጎን ስናነባቸው አንድ ነገር ይታየናል፤ ሁሉም የሚያወሩት ስለ ቁጠባና ስለ መላቅ ነው። አንዳቸውም ስለ ጥብስ አያወሩም።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጂኮና ላቀች የተፈለሰፉት ለድስት ነው። አፋቸው ጠባብ፣ ሆዳቸው ጥልቅ ነው፤ ሙቀቱን አሰባስበው ወደ ድስት ቂጥ ይልካሉ። ለወጥ፣ ለባቄላ፣ ለጀበና ወደር የላቸውም። ፍሙ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ተጨማሪ ከሰል አይጠይቅም። ጎድን ከደረደሩባቸው ግን መካከሉ ያርራል፣ ዳርና ዳሩ ጥሬ ይቀራል። ያ ሃያ እንግዳ የጠራው ሰው የተናደደው በዕቃው ሳይሆን በእኛ መሆን ነበረበት።

ነዳጅ ይዞ መጥቶ ጥብስ ሆኖ የቀረው በርሜል

አሁን ወደ ጥብሱ እንምጣ። በኬንያ «ኒያማ ቾማ»፣ በኡጋንዳ «ሙቾሞ» የሚባለው የፍየል ወይም የበሬ ጥብስ የብዙ ሰው ምግብ ነው። ጎድኑ እንዳለ፣ ታፋው እንዳለ ተጋድሞ ሰዓትና ከዚያ በላይ እሳት ላይ ይቆያል። በጣውላ ላይ ተከትፎ፣ ከካቹምባሪና ከዑጋሊ ጋር፣ በጨው ብቻ ይበላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥልቅ ሳይሆን ሰፊ እሳት ነው።

ሰፊውን እሳት የያዘልን የነዳጅ በርሜል ነው። 200 ሊትር ገደማ የሚይዘው ወገበ ብዙ የብረት በርሜል በአሜሪካ የተመዘገበው በታኅሣሥ 1905 ነው። የነደፈው ሄንሪ ቬርሃን የሚባል ሰው ሲሆን ይሠራ የነበረውም ዝነኛዋ ጋዜጠኛ ኔሊ ብላይ ትመራው በነበረው የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በርሜሉን በዓለም ዙሪያ በተነው። ከዚያ ወዲህ ጋራዥና የነዳጅ ማደያ ባለበት ሁሉ ባዶ በርሜል አለ፤ ባዶ በርሜል ባለበትም ብየዳ የሚችል ሰው አይጠፋም።

በቁመቱ ሲሰነጠቅ ርዝመቱ ከ85 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፣ ወርዱ ወደ 58 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። እግር ይበየድለታል፣ ፍርግርግ ይጣልበታል፣ አለቀ። ዋና ጥቅሙ ስፋቱ ብቻ አይደለም። ከሰሉን ወደ አንድ ጎን መግፋት ይቻላል። ሥጋውን ፍሙ ላይ ያሲዙታል፣ ከዚያ ፍም ወደሌለበት ጎን ያሸሹትና ቀስ ብሎ እንዲበስል ይተዉታል። የኒያማ ቾማ ጠባሽ ሙያው ይኸው ነው፤ እሳቱን ሳይሆን ሥጋውን ያንቀሳቅሳል።

ጉድለቱ ሆዳምነቱ ነው። ግድግዳው ብረት፣ ላዩ ክፍት፣ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ለሦስት ሰው ሥጋም ቢሆን ለአሥር ሰው የሚበቃ ከሰል ይጠይቃል። ደግሞም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በርሜሉ ቀድሞ ምን እንደያዘ ሳይጠይቁ አይግዙ። ፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም ኬሚካል ይዞ የነበረ በርሜል ለምግብ አይሆንም፤ በእሳት ይጸዳል ብሎ የሚነግራችሁን አትመኑ። ዘይት የያዘ ከሆነም ቀለሙና ቅሪቱ ሙሉ በሙሉ እስኪነድ ድረስ ከቤት ውጭ በባዶው ይቃጠል። ፍርግርጉም ዚንክ የተቀባ የአጥር ሽቦ መሆን የለበትም፤ ዚንክ በጣም ሲግል የሚያወጣው ጢስ ያሳምማል። በርሜል የሚሰነጥቁ ባለ እጆችም ውስጡ የነዳጅ ትነት እያለ በእሳት እንዳይቆርጡ፤ ይፈነዳል።

የቺካጎው ክዳንና የእናቶቻችን አመድ

አራተኛው ዕቃ ከሩቅ የመጣ ነው። በ1952 በቺካጎ አቅራቢያ ጆርጅ ስቲቨን የሚባል ሰው ዌበር ወንድማማቾች በተባለ የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ከሚሠራቸው ዕቃዎች አንዱ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ የመርከብ ምልክት ነበር። ሰውየው በክፍት መጥበሻው ላይ ነፋስና ዝናብ አስቸግሮት ስለነበር ድቡልቡሉን ብረት ለሁለት ቆረጠው፤ ከታች እግር አበጀለት፣ ከላይ ያለውን ክዳን አደረገው። ዛሬ በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በግቢያቸው የሚጠብሱበትና አንዳንዴም ጭነው የሚልኩልን ክብ መጥበሻ የመጣው ከዚያ ነው።

አዲሱ ነገር አየሩን መቆጣጠር ነው። ከታች አየር የሚያስገባ፣ ከላይ የሚያስወጣ ቀዳዳ አለው። ሲከፍቱት ፍሙ ይግላል፣ ሲያጠቡት ይረጋል። ሁለቱንም ሲዘጉት እሳቱ ይጠፋል፤ የተረፈው ከሰልም ለነገ ይቀመጣል። ይህን ስንሰማ ፈገግ አልን። እናቶቻችን ማታ ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍናሉ፤ ጠዋት አመዱን ገልጠው እሳት ያገኛሉ። አየርን መንፈግ ከሰልን ያተርፋል የሚለውን ዕውቀት ቺካጎ በክዳን ሠራችው፤ የእኛ ቤት በአመድ ሲሠራበት ኖሯል።

ክዳኑ ለወፍራም ሥጋና ለሙሉ ዶሮ ጥሩ ነው፤ ሙቀቱ ዙሪያውን ስለሚመጣ በሁሉም በኩል ይበስላል። የሚከብደው ዋጋውና መለዋወጫው ነው። እግሩ ሲሰበር ወይም ፍርግርጉ ሲበላ በአቅራቢያ የሚተካው የለም። ያም ሆኖ ሐሳቡን መዋስ ይቻላል። የናይሮቢ በያጆች የበርሜሉን ሌላኛ ግማሽ በማጠፊያ አጋጥመው ክዳን ያደርጉታል፣ ከታች ቀዳዳ በስተው ተንሸራታች በር ያበጁለታል። በርሜልም ነው፣ የቺካጎውም ነው። ለቤት ጥብስ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ዛሬ ከሁሉ አስቀድመን የምናሳየው ይህን ነው።

ታዲያ የትኛው?

ታሪኩ እንዲህ ከሆነ ለደንበኛ የምንመልሰውም ተለውጧል። መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ብር ይዘዋል?» ብለን አይደለም፤ «በሳምንቱ ቀናት ምን ያበስላሉ? በበዓል ስንት ሰው ይጠራሉ?» ብለን ነው።

በየቀኑ በከሰል ለሚያበስል፣ ጥብስ ደግሞ በወር አንዴ ለሚያምረው ቤት ላቀች ወይም ጂኮ ይበቃል። ጥብሱን በትንሽ በትንሹ ያውጡ፤ ፍርግርጉን ከአፉ አራት ጣት ያህል ከፍ ያድርጉት፤ ሥጋውን ቀጭን አድርገው ይዘልዝሉት። ሲገዙ ሸክላውን በጣት ያንኳኩት። በደንብ የተቃጠለና ያልተሰነጠቀ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። በብረቱና በሸክላው መካከል ያለው ልስን በጣት ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ ይተዉት። እኛም ጭነን ስንመጣ በገለባ ካልጠቀጠቅነው መንገዱ ሸክላውን ይበላዋል፤ ስለዚህ ሻጩን አምናችሁ ሳይሆን አንኳኩታችሁ ግዙ።

ማንደጃ አስቀድሞ ላለውና በዓል በመጣ ቁጥር ዘመድ ለሚሰበስብ ግቢ በርሜል ይሻላል፤ ከተቻለ ክዳን ያለው። ለብቻ የሚሆን ካልተገኘ ጎረቤት ተዋጥቶ አንድ በርሜል ቢይዝ ያዋጣል፤ ቅርጫ የሚካፈል ሰው መጥበሻ መካፈል አያቅተውም። ቶሎ ቶሎ ቤት ለሚቀይር ተከራይ ደግሞ ተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ዛሬም ቦታ አለው፤ ከሰሉን ግን እንደሚበላበት አውቆ ይግዛ።

አንድ ነገር ለአራቱም እኩል ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ጭስ አይመስልም፣ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። የቁጠባ ማንደጃ ይህን አያስቀርም። ሸክላው የሚያድነው በግድግዳ የሚባክነውን ሙቀት ነው፤ ሳይቃጠል የሚወጣው ጋዝ ግን ያው ነው። ላቀች ነው፣ ዘመናዊ ነው ብሎ መኝታ ቤት የሚያስገባ ደንበኛ ሲያጋጥመን ሽያጩ ቢቀርብንም እንነግረዋለን። ጥብስ የደጅ ነገር ነው። ቡናም ቢሆን መስኮት ተከፍቶ ነው።

ከማንደጃው በታች ያለው ከሰል

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ለደንበኛ ብቻ ብለን አይደለም። የእኛም እንጀራ አለበት። በየካቲት 2012 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 2036 ከሶማሊያ ከሰል መግዛትን ከለከለ፤ ከኪስማዮ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለጥብስና ለሺሻ የሚጫነው ከሰል የታጣቂዎች ገቢ ሆኖ ነበርና። ኬንያ በየካቲት 2018 በደኖቿ እንጨት መቁረጥን አገደች። የኡጋንዳው ፕሬዝዳንት በግንቦት 2023 በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ለንግድ ከሰል ማክሰልን ከለከሉ። ክልከላ በመጣ ቁጥር ከሰሉ አልጠፋም፤ ተደበቀ፣ ተወደደ፣ ኬላው ላይ የሚጠየቀውም በዛ።

ከዚህ ውስጥ ብዙውን መወሰን አንችልም። የምንሸጠውን ማንደጃ ግን እንመርጣለን። አንድ ጥሩ ጂኮ ከተለመደው ከሰል ሲሶውን እንኳ ቢያስቀር፣ ከእያንዳንዱ ኪሎ ጀርባ ያለው ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ቆሞ ይቀራል። ከሰሉን ራሱንም መምረጥ ይቻላል። በአፋርና በኬንያ ባሪንጎ ግጦሹን የወረረው ፕሮሶፒስ ጠንካራና ትኩስ ከሰል ይወጣዋል፤ እሱን ማክሰል አርብቶ አደሩ መሬቱን እንዲያስመልስ ያግዛል፣ ግራሩም ፋታ ያገኛል። ከከሰል ብናኝ የሚጠፈጠፈው ጡብ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ለወጥና ለባቄላ ይሆናል፤ ለጥብስ ግን ይለግማል፣ አመዱም ብዙ ነው።

እንግዲህ ወደ ተረቱ እንመለስ። ጉልቻው ከድንጋይ ወደ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮ ወደ ሸክላ፣ ከበርሜል ወደ ክዳን ተለዋውጧል። ሕንዳዊ ቀጥቃጭ፣ የታይላንድ ሸክላ ሠሪ፣ የናይሮቢ ጁዋ ካሊና የአዲስ አበባ ባለ እጅ ተቀባብለውታል። በየድንበሩ ያሻገረውም እንደኛ ያለ ነጋዴ ነው። ወጡን ያጣፈጠው ያው የባለሙያዋ እጅ ነው፤ በዚህ ተረቱ አልተሳሳተም። ጉልቻው ያዳነው ግን ከሰሏን ነው፣ ገንዘቧን ነው፣ ጥቂት ግራርም ነው። ለበዓሉ ስትመጡ እናንተም አንኳኩታችሁ፣ ጠይቃችሁ ግዙ፤ እኛም አውቀን እንሽጥላችሁ።